የመጨረሻው ፊርማ የማን ነው? የምሥራቅ እስያ ሃይማኖትና ፍልስፍና በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ

በ1997 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሴኡል ውስጥ በሚገኘው ቦራሜ ሆስፒታል፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድ ሰው በመተንፈሻ ማሽን እየታገዘ ተኝቶ ነበር። ሚስቱ ወጪውን ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም፣ ወደ ቤት ልውሰደው አለች። ሐኪሞቹ ከማሽኑ ከተላቀቀ እንደሚሞት ደጋግመው ነገሯት። አልሰማ ስትላቸው በራሷ ኃላፊነት መውሰዷን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመው ለቀቁት። ቤት ሲደርስ መተንፈሻው ተነቀለለትና ሞተ። ሚስትየው በነፍስ ግድያ ተፈረደባት፤ ሐኪሞቹም በግድያ ተባባሪነት ጥፋተኛ ተባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 በሐኪሞቹ ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸናው።

እስከዚያ ቀን ድረስ የኮሪያ ሆስፒታሎች የቤተሰብን ፊርማ እንደ መጨረሻ ቃል ይቀበሉ ነበር። ተስፋ የተቆረጠበትን ሕመምተኛ ቤቱ ይሙት ብሎ መውሰድም የተለመደ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ግን ማንም ሐኪም ማሽን ለመንቀል አልደፈረም። የመዳን ተስፋ የሌላቸው ሰዎች ለወራት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲቆዩ፣ ቤተሰብም ሲከፍል ኖረ። አገሪቱ ከዚህ አጣብቂኝ የወጣችበትን ሕግ ሥራ ላይ ለማዋል ሃያ ዓመት ፈጀባት።

ስለ ምሥራቅ እስያ ሕክምና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ «እነሱ ዘንድ የሚወስነው ቤተሰብ ነው፤ ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከኮንፊሽየስ የወረሱት ነው» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋን፣ ጃፓንና ቻይና ከአንድ የትውፊት ምንጭ የጠጡ ቢሆኑም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚያደርጉት የተለያየ ነው። ትውፊቱ ቤተሰቡን አልጋው ድረስ ያመጣዋል፤ እዚያ ቆሞ ምን ማለት፣ ምን መፈረም፣ ምን መከልከል እንደሚችል የወሰኑት ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የወጡ ሕጎችና ፍርዶች ናቸው። በእኛ ግምት የሚሠራው ሕግ ለቤተሰቡ ቦታውን ለክቶ የሰጠው ነው። ቤተሰቡን ጨርሶ የዘነጋም፣ ሁሉን ለቤተሰቡ የተወም ሕግ ሲሰናከል ታይቷል።

መድኃኒቱን አስቀድሞ ልጅ ይቅመስ

ከኮንፊሽየሳዊ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ የሆነው የሥርዓት መጽሐፍ (ሊጂ) ወላጅ ታሞ መድኃኒት ሲወስድ ልጁ አስቀድሞ እንዲቀምሰው ያዛል። ወዲያው አስከትሎ፣ ሦስት ትውልድ በሙያው ያልቆየ ሐኪም የሚሰጠውን መድኃኒት አትውሰድ ይላል። ሁለቱ ምክሮች አብረው ሲነበቡ ሐኪሙን የሚመርጠው፣ መድኃኒቱን የሚፈትነው፣ ለሚሆነውም ነገር የሚጠየቀው ልጅ ነው። ሕመምተኛው ተጧሪ ነው፤ ሥራው መዳን ነው። ልጅ ሐኪሙን በኮሪደር ይዞ «ለአባቴ እንዳትነግሩት» ሲል ይህን የጥንት ድርሻውን እየተወጣ ነው። ሐኪሙም ቢሆን በዚያው ባህል ያደገ ስለሆነ ጥያቄው አይገርመውም።

ስለ ልጅ ግዴታ የሚናገረው ሌላው ጥንታዊ መጽሐፍ (ሺያውጂንግ) በመጀመሪያው ምዕራፉ ገላችን፣ ፀጉራችንና ቆዳችን ከወላጆቻችን የተቀበልናቸው ስለሆኑ ለጉዳት አለማጋለጥ የልጅነት ግዴታ መጀመሪያ ነው ይላል። የአካል ክፍል ልገሳና የአስከሬን ምርመራ በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሰው ይህ ነው። እምብዛም የማይጠቀሰው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የግዴታው ፍጻሜ በመልካም ሥራ ስምን አስጠርቶ ወላጅን ማስከበር ነው። ስለዚህ ያው ምዕራፍ ኩላሊቱን መለገስ ለሚፈልገውም ለሚቃወመውም መከራከሪያ ይሆናል፤ መጽሐፉ በራሱ መልስ አይሰጥም።

ከሁሉም ይበልጥ ሆስፒታል ውስጥ የሚታየው ግን የኮንፊሽየስን ትምህርት የተከተለው የጥንት ፈላስፋ የሜንሺየስ አባባል ነው። ወላጅን በሕይወት ሳሉ መጦር ትልቅ ነገር ለመባል አይበቃም፤ ትልቁ ነገር በሞት ሲለዩ መሸኘት ነው ይላል። ዘመድና ጎረቤት ልጅን የሚለካው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው ማለት ነው። «ይበቃል» ብሎ የተናገረ ልጅ ወላጁን እንደተወ ይታያል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ «የሚቻለው ሁሉ ይደረግለት» የሚል ቤተሰብ ሕክምናው ይሠራል ብሎ ላያምን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እየተናገረ ያለው ለሐኪሙ ሳይሆን ከኋላው ለቆሙት አጎቶችና አክስቶች ነው። ይህን ያልተረዳ ሐኪም ስለ ሕክምናው ፋይዳ ማስረጃ ደጋግሞ ያቀርባል፤ የሚጠበቅበት ግን ውሳኔውን ከልጁ ትከሻ ላይ ማውረድ ነው። «እናትዎ ምን ይሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ «ምን ይደረግ ይላሉ?» ከሚለው የሚሻለው ለዚህ ነው።

ታይዋን ውስጥ ለዚህ ጫና መልክ የሰጠው «ከሰማይ ዳርቻ የመጣው ልጅ» የሚባለው ነው። አብሮ የኖረችው፣ ያጠበችውና ያጎረሰችው ልጅ ከሐኪሞቹ ጋር ተስማምታ ስታበቃ፣ ለዓመታት ውጭ የቆየው ወንድም ከአውሮፕላን ወርዶ «ለምን አልተሞከረም?» እያለ ሁሉን ያፈርሳል። አሜሪካና አውሮፓ ያለ የእኛም ሰው ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው።

ሁሉም ድምፅ ግን አንድ አይደለም። በሌላው የቻይና ጥንታዊ ትምህርት፣ በታኦይዝም፣ በኩል ጁዋንግዚ ሚስቱ በሞተች ጊዜ ተቀምጦ ድስት እየመታ ሲዘፍን የተገኘ ፈላስፋ ነው፤ ሞት እንደ ወቅቶች መፈራረቅ ነው ይል ነበር። «ትውፊታችን እስከ መጨረሻው መታገልን ያዛል» የሚል ሰው ሲገጥም ትውፊቱ ብዙ አፍ እንዳለው ማስታወስ ይጠቅማል።

ስምንቱ ሰዓት

በቻይናና በታይዋን ብዙ ተከታይ ያለው የቡድሂዝም ዘርፍ «የንጹሕ ምድር» ትምህርት ይባላል። በዚህ እምነት ልብ ከቆመ በኋላ ሕሊና ከአካል የሚለየው ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ለ8 ሰዓት ያህል አስከሬኑ ባይነካ፣ ባይንቀሳቀስ፣ ልብሱ ባይቀየር ይመረጣል፤ አጠገቡ የሚያለቅስም እንዳይኖር ይፈለጋል። በለቅሶ ፈንታ የአሚታባ ቡድሃን ስም በዜማ እየደጋገሙ ይሸኙታል። ሟች በዚያ ሰዓት ከታወከ ቁጣ ያድርበታል፣ የሚቀጥለው ልደቱም ይበላሻል ተብሎ ይታመናል። እዬዬ ብሎ ማልቀስ የሟች ክብር በሆነበት አገር ያደገች ነርስ፣ ዝም ያለውን ቤተሰብ ስታይ የማይወዱት ሊመስላት ይችላል።

የሆስፒታሉ አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። አልጋው ለሌላ ሕመምተኛ ይፈለጋል፣ ቱቦዎች ይወጣሉ፣ አስከሬን ተገንዞ ይወርዳል። የሰውነት መድረቅ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ በ12 ሰዓት ገደማ ስለሚጠነክር፣ 8 ሰዓት ከተጠበቀ በኋላ እጅ ማጠፍና ልብስ ማልበስ ያስቸግራል፤ ክፍት የቀረ አፍም አይዘጋም። ልምድ ያላቸው ነርሶች ይህን የሚፈቱት ከሞት በፊት ከቤተሰብ ጋር በመነጋገር ነው። ቱቦው ቢወጣ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ቢገባ፣ ዓይንና አፍ ቢከደን፣ እግር ቢዘረጋ፣ ንጹሑ ልብስ ቢለብስ እንደሚፈቅዱ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ከዚያ ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀስታ ይጠናቀቅና ዝማሬው ይጀመራል። በታይዋን ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች አስከሬን ማቆያው አጠገብ ለዝማሬው የተለየ ክፍል አላቸው፤ ሟቹ ከነአልጋው ወደዚያ ይገፋል። ክፍል በሌለበት ደግሞ መጋረጃ መሳብና ዝማሬው ከስልክ እንዲሰማ መፍቀድ ይቻላል። ትልቁ ስህተት ቤተሰቡ ዓይኑ እያየ ማሰሪያና ፕላስተር በጥድፊያ መላጥ ነው።

የአካል ክፍል ልገሳ ከዚህ እምነት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ክፍሎቹ የሚወሰዱት ደም እየተዘዋወረ ሳለ ወይም ወዲያው እንደቆመ ነውና። በታይዋን ለዚህ መልስ የሰጠው ከሃይማኖቱ ውስጥ የመጣ ሰው ነው። በ1966 ሁዋልየን ላይ ጹ ቺ የተባለውን የበጎ አድራጎት ማኅበር የመሠረቱት መነኩሲት ቼንግ ዬን ገላን መስጠት ከምጽዋት ሁሉ የላቀ እንደሆነ አስተማሩ። ማኅበሩ በ1986 ሆስፒታል፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የሕክምና ኮሌጅ ከፈተ። ለኮሌጁ ገላቸውን የሚለግሱ ሰዎች «ዝምተኛ መምህራን» ይባላሉ። ተማሪዎቹ ወደ ሟቹ ቤት ሄደው ከቤተሰቡ ጋር ይተዋወቃሉ፣ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋሉ፣ ትምህርት ሲጀምሩ ይሰግዱለታል። ሲጨርሱ የከፈቱትን ሁሉ መልሰው ይሰፋሉ፣ ልብስ ያለብሱታል፣ አስከሬኑን ተሸክመው እስኪቃጠል ይሸኙታል። አካል መቆረጥ የልጅነት ግዴታን ያፈርሳል ለሚለው ፍርሃት ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልተገኘም፤ ሜንሺየስ ትልቁ ነገር ያለው መሸኘት ነውና፣ ሽኝቱን ኮሌጁ ራሱ ተረከበው።

ኮሪያ፦ አራት መንገድ ያለው ሕግ

ከቦራሜ በኋላ የኮሪያን ክርክር የከፈተው በ2008 የሳንባ ናሙና ሲወሰድላቸው ደም ፈሷቸው ራሳቸውን የሳቱ የ76 ዓመት አዛውንት ጉዳይ ነው። ልጆቻቸው እናታችን በማሽን መኖርን አይፈልጉም ነበር ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2009 ተቀበላቸው። ማሽኑ በሰኔ ተነቀለ፤ አዛውንቷ ግን በራሳቸው ትንፋሽ እስከ ጥር 2010 ኖሩ። ማሽን ማቆምና መግደል አንድ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ከማንኛውም የሕግ ክርክር በላይ ያናጋው ይህ ነው።

ሕጉ በ2016 ወጣ። ሕይወት አቆያይ ሕክምናን የሚመለከተው ክፍል ከየካቲት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕክምና የሚቆምባቸው መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው ሕመምተኛው ራሱ ከሐኪሙ ጋር የሚያዘጋጀው ዕቅድ ነው። ሁለተኛው ጤነኛም ሆነ ታማሚ፣ 19 ዓመት የሞላው ሰው አስቀድሞ የሚያስመዘግበው የፈቃድ ሰነድ ነው፤ ለዚህ መታወቂያ ይዞ በአካል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ጤና መድን ቅርንጫፍ ቢሮ ወይም ወደ ተፈቀደለት ሆስፒታል መሄድና ማብራሪያ መስማት ግድ ነው። በፈለገ ጊዜ መሰረዝ ይችላል። ሦስተኛው፣ ሰነድ ከሌለ ሁለትና ከዚያ በላይ የቤተሰብ አባላት ሕመምተኛው ሲናገር የኖረውን አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጡ ነው። አራተኛው ምኞቱ ጨርሶ ካልታወቀ የመላው ቤተሰብ ስምምነት ነው። መጀመሪያ ላይ «መላው» የሚለው ቃል የልጅ ልጆችንና የልጅ ልጅ ልጆችንም ይጨምር ስለነበር፣ ሐኪም ቤቶች በየአገሩ የተበተነ ዘመድ ፊርማ ሲያሳድዱ ሕመምተኛው ይሞት ነበር። በ2019 ወደ ትዳር አጋር፣ ወላጅና ልጅ ተጠበበ።

የሚቆሙት ደረት እየጫኑ ልብን ማስነሳት፣ የመተንፈሻ ማሽን፣ የኩላሊት እጥበት፣ የካንሰር መድኃኒትና በኋላ የተጨመሩ እንደ ደም መስጠትና የደም ግፊት ማንሻ ያሉ ናቸው። ምግብ፣ ውኃ፣ ኦክስጅንና የሕመም ማስታገሻ አይቆሙም። ወላጁን ያስራበ ልጅ የሚባል ነገር በኮሪያ እጅግ ነውር ስለሆነ፣ ሕጉ እዚህ ላይ ከትውፊቱ ጋር አልተጣላም።

የተመዘገቡት ሰዎች በ2023 ከ2 ሚሊዮን አለፉ። ቤተሰብ ሁሉን ይወስናል ለሚባልበት አገር ቁጥሩ ብዙ ይናገራል፤ አረጋውያኑ ፈርመው የሚሄዱበትን ምክንያት ሲጠየቁ ደጋግመው የሚሉት ለልጆቼ ሸክም እንዳልሆን ነው። ለራስ መወሰን እዚያ ለልጅ ከማዘን ጋር አንድ ነው።

ጉድለቶቹም ግልጽ ናቸው። ሕጉ የሚፈቅደው ሕመምተኛው ሞት አፋፍ ላይ መድረሱን ሐኪሙና ሌላ አንድ ስፔሻሊስት ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። ለወራት ራሱን የሳተ ሰው ሞቱ ካልቀረበ አይገባበትም፤ ውሳኔው የሚደረሰውም ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ሁለተኛ፣ ሰነዱን ሥራ ላይ ማዋል የሚችለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስመዘገበ ተቋም ነው፤ አብዛኞቹ የአረጋውያን ሆስፒታሎች ይህ የላቸውም። ፈርመው የገቡት አዛውንት የፈሩት ነገር ራሱ ይደረግባቸዋል ማለት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ሰነድም ቤተሰብም የሌለው ሰው በሕጉ ውስጥ የሚናገርለት የለም። አራቱም በሮች ይዘጉበትና ማሽኑ ይቀጥላል። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ በበዛበት አገር ይህ ትንሽ ቀዳዳ አይደለም።

ታይዋን፦ አንድ ትንፋሽ ይዞ ወደ ቤት

በታይዋን ሰው መሞት ያለበት ቤቱ፣ በአባቶቹ ስም መቀመጫ ፊት፣ በዋናው አዳራሽ ነው። ውጭ የሞተ ሰው ቀዝቅዞ ወደ መንደሩ አይገባም ይባላል። ሆስፒታል ውስጥ የከፋበት ሕመምተኛ ቤተሰብ «አንድ ትንፋሽ ተዉለት» ብሎ የሚለምነው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በጠና የታመመን ሰው በቤተሰብ ጥያቄ ለመልቀቅ ወረቀት ያስፈርማል፤ የግል አምቡላንስ ይመጣል፤ ጉሮሮው ውስጥ ባለው ቱቦ ላይ በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ ከረጢት ተገጥሞ አንድ ሰው መንገዱን ሙሉ እየጨመቀ ይሄዳል። ቤት ሲደርሱ ልጆቹ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው «ቤትህ ደርሰናል» ይሉታል። ቱቦው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕመምተኛው መንገድ ላይ ቢሞት እንኳ ከረጢቱ መጨመቁን አያቆምም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ለሆስፒታሉ የሚቀረው ሥራ ሥቃይ እንዳይኖር ማድረግ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት የማስታገሻ መድኃኒት መስጠት፣ ቱቦውን ማን እንደሚያወጣው በስም መወሰን፣ የምርመራ ማስረጃውን በእጃቸው ማስያዝ። ይህ ወረቀት ከተረሳ ቤት ለሞተው ሰው የሞት ማስረጃ የሚጽፍ ሐኪም ከጤና ጣቢያ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ለስታቲስቲክስም ወጥመድ አለበት፦ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተመዘገበ «የቤት ሞት» ወራት ሙሉ ቤቱ እንክብካቤ ካገኘ ሰው ሞት ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል።

ሕጉ በደረጃ ነው ያደገው። በ2000 የወጣው የሆስፒስ (ለሞት ለተቃረቡ ሰዎች የሚሰጥ እንክብካቤ) ሕግ ልብ የማስነሳት ሙከራ እንዳይደረግ መፈረምን ፈቀደ፤ የገባ ቱቦን ማውጣት ግን ለቤተሰብ ከብዶ ቆየ። በ2011 በመላው የቅርብ ቤተሰብና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ተፈቀደ፤ በ2013 ወደ አንድ የቅርብ ዘመድ ፊርማ ወረደ። ታይዋን በ2015 በወጣ ዓለም አቀፍ የፍጻሜ ዘመን እንክብካቤ ንጽጽር ከ80 አገሮች 6ኛ፣ ከእስያ 1ኛ ሆነች።

ከጥር 2019 ጀምሮ የሚሠራው የሕመምተኛ መብት ሕግ ደግሞ አቅጣጫውን ገለበጠ። ሰነዱን ለመፈረም መጀመሪያ ሐኪም፣ ነርስና የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ባሉበት ምክክር መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ምክክሩ ላይ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ካሉ ዘመዶች ቢያንስ አንዱ መገኘት አለበት። ከዚያ በውልና ማስረጃ ወይም በሁለት ምስክሮች ይጸናል፣ በጤና መድን ካርዱ ላይም ይመዘገባል። ሰነዱ የሚሠራው በአምስት ሁኔታዎች ነው፤ የማይድን በሽታ የመጨረሻ ደረጃ፣ የማይመለስ ራስን መሳት፣ ዓይን ቢገለጥም ሕሊና የማይነቃበት ዘላቂ ሁኔታ፣ ጽኑ የመርሳት በሽታና መንግሥት የሚዘረዝራቸው ሌሎች ከባድ ሕመሞች። ሁለት ስፔሻሊስቶች ሊያረጋግጡት፣ የማስታገሻ ሕክምና ቡድን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሊመክርበት ይገባል። ከኮሪያ በተለየ በቱቦ የሚሰጥ ምግብና ውኃም ሊቆም ይችላል።

የምንወደው ብልሃት ዘመዱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ዘመዱ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ቢያለቅስም ያለቅሳል፤ የመሻር ሥልጣን ግን የለውም። ሰዓቱ ሲደርስ ከሰማይ ዳርቻ ለሚመጣው ወንድም «እኔ ነበርኩ፣ በአፏ ስትናገር ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር አስቀድሞ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ጃፓን፦ ሕግ ሳይኖር የተለወጠ ልማድ

ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በመስከረም 1987 ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው በሽታው ካንሰር መሆኑ ለሕዝቡ አልተነገረም። ይፋ የሆነው በጥር 1989 ካረፉ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ለጃፓናዊ ሕመምተኛ ካንሰር መሆኑን አለመንገር ደንብ ነበር፤ ለቤተሰቡ ይነገርና ለእሱ ቁስለት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ለሕመምተኛው መንገር የተለመደ አሠራር ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ የተገለበጠ ነገር «ባህላችን ነው፣ አይለወጥም» ለሚል ሁሉ መልስ ይሆናል።

የአካል ንቅለ ተከላ ግን ለምን ዘገየ? ሰዎች የጃፓን ነባር ሃይማኖት የሆነው ሺንቶና ቡድሂዝም ለአስከሬን ያላቸውን አመለካከት ያነሳሉ። እኛ ከዚያ ይልቅ ለ1968 ክብደት እንሰጣለን። በዚያ ዓመት ሳፖሮ ላይ የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገ፤ ተቀባዩ 83 ቀን ኖሮ ሞተ፤ ለጋሹ በእርግጥ ሞቶ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሐኪሙ በግድያ ተጠቆመ፣ ክሱ ባይመሠረትም ጥርጣሬው አልለቀቀም። ቀጣዩ የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገው በ1999 ነው። በ1997 የወጣው ሕግም የአንጎል ሞት (ልብ በማሽን እየታገዘ ቢመታም አንጎል ጨርሶ ሥራ ማቆሙ) እንደ ሞት የሚቆጠረው ሰውየው በጽሑፍ ለመለገስ ከፈቀደና ቤተሰቡ ካልተቃወመ ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ ያልፈረመ ሰው በዚያው የአንጎል ሁኔታ እንደ ሕያው ይታያል። ከሐምሌ 2010 ወዲህ ፈቃዱ ያልታወቀ ሰው ቤተሰብ መፍቀድ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ከአንጎል ሞት በኋላ የለገሱ ሰዎች በዓመት ከመቶ ያለፉት በ2023 ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነ አገር።

ሕክምና ስለማቆም ጃፓን እስካሁን ሕግ የላትም። በ2006 ኢሚዙ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ሰባት ሕመምተኞች ከማሽን ተላቀው መሞታቸው ከተሰማ በኋላ መንግሥት በ2007 መመሪያ አወጣ፤ በ2018 አሻሻለው። የመመሪያው ልብ ምክክሩ ተደጋጋሚ እንዲሆን፣ በቡድን እንዲወሰንና እንዲጻፍ ማዘዙ ነው። «ቤተሰብ» የሚለውም የቅርብ ወዳጅን እንዲጨምር ተደርጓል። መንግሥት ይህን ምክክር ለማስተዋወቅ በ2019 አንድ ኮሜዲያን በሞት አልጋ ላይ ሆኖ «ቀድሜ በተናገርኩ ኖሮ» የሚል መንፈስ ያለው ፖስተር አሳተመ፤ ሕመምተኞችና ሐዘንተኞች አስፈራሪ ነው ብለው ስለተቆጡ ወዲያው ተሰበሰበ።

አንድ ሌላ ነገር፦ የወላጅን የመጨረሻ ትንፋሽ አጠገብ ሆኖ ማየት በጃፓን ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ከባቡር ወርዶ እስኪደርስ ድረስ ተስፋ የሌለው ሕመምተኛ ደረት ሲጫን የቆየባቸው ዓመታት ነበሩ። ዛሬ አስተዋይ ነርስ የሚጠበቀው ሞት ሲቀርብ ቤተሰቡን ቀደም ብላ ትጠራለች፤ ደረት ከመጫን ይልቅ በእርጥብ ጥጥ የሟቹን ከንፈር እንዲያርሱ ታደርጋለች። ይህ ከቡድሂስት ሥርዓት የመጣ የመጨረሻ ውኃ ነው። ከ2011 የሱናሚ አደጋ በኋላም ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሳይሰብኩ ከሕመምተኛ ጋር መቀመጥ የሚችሉ የየሃይማኖቱ አገልጋዮችን ማሠልጠን ጀምሯል።

ቻይና፦ «ተገቢ ካልሆነ» የሚለው ሐረግ

በ2007 ቤጂንግ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር አብሯት የሚኖረው ሰው ለቀዶ ጥገና አልፈርምም በማለቱ ሐኪሞቹ ፊርማ ሲለምኑ እሷም ፅንሱም ሞቱ። ከዚያ የመጣው ሕግ ድንገተኛ ሲሆንና ፈቃድ ማግኘት ሳይቻል ሲቀር የተቋሙ ኃላፊ እንዲፈቅድ አደረገ። በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪም ለሕመምተኛው እንዲያስረዳ ያዛል፤ መንገር ካልተቻለ ወይም ተገቢ ካልሆነ ግን ለቅርብ ዘመድ ነግሮ የእሱን ፈቃድ ይቀበላል። ተገቢ አለመሆኑን ማን ይወስናል? አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውና የሚከሰው ቤተሰብ። የሼንጀን ከተማ ከ2023 ጀምሮ የቁም ኑዛዜን (ሰው በመጨረሻው ሰዓት የትኛውን ሕክምና እንደማይፈልግ አስቀድሞ የሚጽፈውን) በውልና ማስረጃ ወይም በሁለት ምስክሮች ሲጸና ሐኪም እንዲያከብረው አዛለች፤ በአገር ደረጃ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ለአስታማሚውና ለነርሷ

በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሪያውያንና ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራ የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ለእሱ የሥራ ጉዳይ ነው። አንድ ጥቅም አለው፤ ክፉ ዜና በመጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገር የሚለውን ደንብ ያውቀዋል። በ1992 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተጻፈውም ይኸው ነበር፦ ሐኪም መርዶን ፊት ለፊት ለሕመምተኛው መናገሩ እንደ ጭካኔ ይታያል። አደጋው ግን ከዚሁ ይመጣል፤ የሚያውቀው ደንብ ስለመሰለው ሳይጠይቅ ያልፋል።

የሚጠየቀው ሕመምተኛው መናገር በሚችልበት ጊዜ፣ ልጁ ሳያስተረጉም፣ በባለሙያ አስተርጓሚ ነው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ከእርስዎ ጋር ማን ይስማ? ውሳኔውን ለማን ይተዋሉ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገሩት» ይላል፤ ይህ ራሱ የእሱ ውሳኔ ነው፣ ይመዘገባል። ስለ ስምንቱ ሰዓት፣ ስለ ዝማሬ፣ ገላውን ማን እንደሚነካ የሚጠየቀውም ያኔ ነው።

ከዚያ ወረቀቱ ይታያል። በቨርጂኒያ ሕግ ሰነድ ከሌለ የሚወስነው በተራ በፍርድ ቤት የተሾመ ሞግዚት፣ ከዚያ የትዳር አጋር፣ ከዚያ አዋቂ ልጆች ናቸው፤ ልጆቹ ካልተስማሙ የሚበልጠው ቁጥር ያሸንፋል። የበኩር ልጅ ቃል ከታናሽ እህቱ ቃል አይበልጥም። ቤተሰቡ ግን ሁሉን ለበኩሩ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሕጉን አያውቅም። አባትየው ገና መፈረም የሚችሉ ከሆነ ወኪላቸውን በስም የሚሾሙበት ቅጽ በሁለት ምስክሮች ፊት ዛሬውኑ ይሞላ፤ ቅጂውም በሕክምና መዝገቡ ውስጥ ይግባ እንጂ በልጁ መሳቢያ አይቀመጥ።